የመዶሻ አምሮት

እናቴ ከእስቴ ወጥታ የሄደችበት ሩቅ አገር ደብረ ታቦር ነው፤ እሱንም ሁለት ጊዜ ብቻ። ይሁን እንጂ በደቡብ ህንድ ያለች አንዲት የፋብሪካ ከተማን ከነጓዳዋ ታውቃት ነበር። ባቡሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የጥጥ መፍተያዎቹ በየትኛው ተራራ ሥር እንደተደረደሩ፣ የክረምቱ ነፋስ በየት በኩል እንደሚገባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስረዳለች። እኔ አንዱን ከተሳሳትኩ ከአፌ ነጥቃ ታርመኛለች። ያን ሁሉ የነገርኳት እኔ መሆኔን ግን አንድ ቀን እንኳ አንሥታው አታውቅም።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ነው፤ እኔ በእስቴ ከተማ በመካነ ኢየሱስ ስምንተኛ ክፍል እማር ነበር። አባቴ ሞቶ ለእናቴ ሁለት ቤት ቀርቷት ነበር። እኛ በሣር ክዳኑ እንኖራለን፣ ቆርቆሮውን ታከራያለች። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ቆርቆሮውን የተከራዩት ከህንድ የመጡ የሂሳብ አስተማሪ ከነባለቤታቸው ነበሩ። አስተማሪውን ሁላችንም ሚስተር እንላቸዋለን። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ጠመኔ በኪሳቸው እንደያዙ ገበያ የሚወጡ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ግን ገና ልጅ ናት፤ እኔን በስምንት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ በመካከላቸው የእኔ የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ነበረ። በአገሯ እናትን አማ እንደሚሉ ነገረችኝና በሁለተኛው ሳምንት እናቴንም አማ ብላ ጠራቻት። እናቴም ከዚያ ቀን ወዲያ ተከራይ ማለቷን ትታ ልጄ ትላት ጀመር።

ጎረቤቶቻችን የሴቲቱን ነገር ለመፍታት ብዙ ደክመዋል። ሥጋ አትበላም፣ እንቁላል አትነካም፤ ለገና ዶሮው ሲቀርብ እንኳ እጇን ሰበሰበች። ከባድ ንስሐ ቢሰጣት ነው ተባለ፤ አንዳንዶቹም እንደ መነኩሲት ያዩዋት ጀመር። ከዚያ አንድ ረቡዕ በጠራራ ፀሐይ ከደጅ ተቀምጣ ወተት ስትጠጣ ተገኘችና ምንኩስናዋ በዚያው ፈረሰ። እናቴ፣ «ምን ታድርግ፣ ልጅቷ ጾሙን ገልብጣ ነው የምትጾመው» ብላ ወሬውን ዘጋችው።

ሆዷ መግፋት ሲጀምር ግን ቀልዱ ቀረ። ከዚያ በፊት ሁለት ጽንስ ወርዶባት ነበር፤ አንዱ በአገሯ፣ ሁለተኛው እዚህ አገር ከመጡ በኋላ በጭነት መኪና ሲጓዙ። ስለዚህ ሚስተር እስክትወልድ መኪና ላይ አትወጣም ብለው ምለዋል፤ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት መውሰድም የማይታሰብ ሆነ። ጥር ሲጋመስ ደግሞ መብላት ተወች። ሩዙንም ሽሮውንም ቀመስ አድርጋ ትገፋዋለች። እንቅልፍም ከዳት፣ ጉንጮቿ ገቡ። አንድ ቀን ሚስተር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከደጃችን ቆሙና እናቴን በእኔ በኩል አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ ይህንንም ልናጣው ነው ወይ አሏት። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። በሂሳብ ደብተሬ ላይ ቀይ ምልክት ሲያበዙብኝ እጠላቸው የነበሩት ሰውዬ ያን ዕለት አሳዘኑኝ፤ የምገባበት አጣሁ።

እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ምን አማራት? ሂጂና ይኸን ጠይቂልኝ» አለች። «እስከ ዛሬ ሳልጠይቅ መክረሜ የእኔ ጥፋት ነው።»

በእኛ አገር የነፍሰ ጡር አምሮት ሕግ ነው። ያማራትን እያለው የከለከለ ሰው በጽንሱ ለሚደርሰው ሁሉ ተጠያቂ ነው። ከጎረቤት የወጥ ሽታ አምሯት ሳህን ይዛ ብትሄድ አታፍርም፤ የሚያፍረው ወጡ ያለቀበት ጎረቤት ነው። እናቴ በዚህ ነገር አትቀልድም ነበር። እኔን አርግዛ ጎመን ሲያምራት የከለከለቻት ሴት ነበረች፤ በክርኔ ላይ ያለውን አረንጓዴ ምልክት እያሳየች ያቺን ሴት እስክትሞት ወቅሳታለች።

የምለቅመውን ምስር በሰፌድ ይዤ ሄድኩ። የሚስተር ባለቤት ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ነበር። ምን እንዳማራት ስጠይቃት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ምንም የሚበላ እንዳላማራት ነገረችኝ። የከበዳት ዝምታው ነው። እዚህ ፀሐይ ስትወጣ ዶሮ ይጮኻል፣ ስትጠልቅ ውሻ ይጮኻል፤ በመካከሉ ያለው ዝምታ ደረቴ ላይ ይቀመጥብኛል አለችኝ። እኔ ከተማችን ጫጫታ የበዛባት ትመስለኝ ስለነበር ትንሽ ቅር አለኝ።

ከዚያ ሰፌዱን ከእጄ ተቀበለችኝና ከተማዋን ሠራችልኝ። ባቄላ ከጓዳ አምጥታ በሰፌዱ ጠርዝ ዙሪያውን ከመረችው፤ እነዚህ ተራሮቹ ናቸው አለች። ከተማዋ በማድጋ ውስጥ እንዳለ ውኃ በተራራ ተከባለች። በስተምዕራብ ብቻ ባቄላውን በጣቷ ከፍላ ክፍተት ተወች። የክረምቱ ነፋስ ከማይታየው ባሕር ተነሥቶ በዚያ ይገባል፤ ሲገባ መስኮቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንኳኳል። ምስሩን ወደ መካከል ሰብስባ ቤቶቹን አደረገች፣ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዝዛ የባቡሩን መንገድ ዘረጋችበት። ከተራሮቹ ሥር የክብሪት እንጨት ሰካች፤ እነዚያ የጥጥ መፍተያዎቹ ጭስ መውጫዎች ናቸው። በቀን ሦስት ጊዜ ፋብሪካዎቹ ያፏጫሉ፤ ያን ጊዜ ገሚሱ ከተማ ሲገባ ገሚሱ ይወጣል፣ ሴቶቹም ወጣቸውን የሚጥዱት በዚያ ፉጨት ነው። ከፋብሪካዎቹ ወዲህ ጠባብ ጠባብ የሸማኔ ሰፈር አለ፤ በየቤቱ እየተሸመነ፣ የተነከረው ክር ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው ተወጥሮ፣ ሳያጎነብስ ያለፈ ሰው ፀጉሩ ቀይ ሆኖ ይገባል። ማታ ማታ ነጭ አበባ በክር ተሰክቶ፣ እንደ እኛ አቡጀዲ በክንድ እየተለካ ለሴቶች ይሸጣል። ከሁሉም ወዲያ፣ ባቡሩ ከሚታጠፍበት፣ የብረት ሰፈር አለ። ውኃ ከጉድጓድ የሚስቡ ሞተሮች ብረታቸው እዚያ ቀልጦ ይፈሳል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይሞረዳል። አባቷ እዚያ ብረት ሠሪ ነው። እሷም የተወለደችው ብረት ከሚቀጠቀጥበት መስፍ ጀርባ ባለው ክፍል ነው፤ መዶሻው ሲመታ ትተኛለች፣ ሲያቆም ትነቃለች።

«መዶሻ መስማት ነው ያማረኝ» አለችኝ። «ሌላ ምንም አላማረኝም።»

እኔ ይህን ሰምቼ ምስሬን እንኳ ሳልለቅም ወጣሁ። በከተማችን አንድ ብረት ቀጥቃጭ ነበረ፤ ቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ከወንዙ ማዶ ነው። ማረሻ የሚያሠራ ገበሬ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል፣ ግን ከደጁ ቆሞ ያስመታል እንጂ አይገባም፣ የቤቱን እህል ውኃ አይቀምስም። ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ይባላል። እኔም በልጅነቴ በዚያ በኩል ሳልፍ ፊቴን በነጠላ እሸፍን ነበር። ነፍሰ ጡርማ መንገዱንም አትይዝም። አሁን የምንወዳት ሴት የቀጥቃጭ ልጅ መሆኗ ከታወቀ ማን ከእኛ ጋር ውኃ ይቀዳል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ እናቴን ዋሸኋት። ብርቱካን ነው ያማራት አልኳት።

ብርቱካን በእስቴ ደጋ ከየት ይመጣል? እናቴ ግን ለነጋዴዎች አደራ ሰጥታ፣ ከቆላ ወጥቶ አርብ ገበያ ከሚባለው ከተማ የዋለ ትርንጎ በምትኩ አስመጣች። ሁለት ሳምንት ፈጀ። አራት የደረቁ ትርንጎዎች እንደ ታቦት ተሸፍነው ገቡ። የሚስተር ባለቤት አንድ ቁራጭ ቀመሰች፣ እናቴን ላለማሳፈር ሌላም ጨመረች፣ የቀረውን ከትራሷ ሥር አኖረችው። በማግስቱ ልብስ ከምታጥብበት ድንጋይ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። እናቴ አንሥታት ወደ ቤት ስታስገባት እንደ ሕፃን ቀላል ነበረች። ያን ጊዜ እውነቱን ለእናቴ አወጣሁት፤ የከተማዋንም፣ የአባቷንም፣ የመዶሻውንም ነገር።

እናቴ ትመታኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን የሚስተር ባለቤት ዘንድ ገብታ ከአጠገቧ ተቀመጠችና ቀጥቃጭ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ሳትደብቅ እንድነግርላት አዘዘችኝ። ነገርኳት። ትቀየማለች ብዬ ስጠብቅ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። «በአገሬ ብረት ሠሪ የተከበረ ነው» አለች። «ግን ቆዳ የሚፍቁት ከከተማው ዳር ይኖራሉ፤ እናቴ ሲጠማቸው ዕቃው እጃቸውን እንዳይነካ ውኃውን ከላይ ታንቆረቁርላቸዋለች፣ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።» ይህን ለእናቴ ስተረጉምላት ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች።

«አምሮት ካልኩ ወዲያ አላማርጣትም» አለችኝ። «ነገ እንሄዳለን።»

በማግስቱ እናቴ የእምነቷን ሁሉ መከላከያ አሰለፈች። በሴቲቱ አንገት ክታብ አሠረች፣ ጤና አዳም በፀጉሯ ሻጠች፣ የሚስተርን ጥቁር ጃንጥላ ፊቷ እስኪጋረድ አወረደችባት። እንዲያ ተሸፋፍነን ወንዙን ስንሻገር መንገደኛው ሁሉ ቆሞ አየን። እኔ እናቴን ያን ዕለት ምንኛ እንዳፈርኩባት፣ ዛሬ ደግሞ ምንኛ እንደምኮራባት መናገር ያቅተኛል።

የቀጥቃጩ ሚስት ከደጇ ስታየን ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ፊቷ ገረጣ።

«እሜቴ፣ ምን አጠፋን?» አለች።

ሰው ታሞ በእነሱ ተሳብቦ፣ ልንከስ የመጣን መስሏት ነበር። እናቴም ደንግጣ ምንም እንዳላጠፉ፣ እቺ ልጅ መዶሻ መስማት አምሯት እንደመጣን ነገረቻት። ሚስትየዋ ባሏን አየችው፤ እሱም እኛን አየ፣ ከዚያ ምንም ሳይጠይቅ ከወናፉ ፊት ፍሙ ላይ የተቀመጠውን ማረሻ በጉጠት አንሥቶ መስፉ ላይ አኖረና መምታት ጀመረ። የሚስተር ባለቤት ጃንጥላውን አጠፈችው። ከግድግዳው ተደግፋ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ እንባዋ በጉንጮቿ ወረደ። ማረሻው እስኪሳል ድረስ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ዓይኗን ገለጠችና በምድጃው ላይ ወደተጣደው ድስት በአገጯ እያሳየች ያ ምንድን ነው አለችኝ። የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ነበር። የቀጥቃጩ ሚስት ለመስጠትም ለመከልከልም ፈርታ እናቴን ስታይ፣ የሚስተር ባለቤት ራሷ እጇን ዘረጋች። በእፍኟ እየተቀበለች እስክትጠግብ በላች። ከወር በኋላ ስትበላ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ዐቢይ ጾምን ሙሉ፣ ከበዓላት በቀር አንድ ቀን እያሳለፍን ወንዙን ተሻገርን። ክታቡ ቀረ፣ ጤና አዳሙም ቀረ። የሚስተር ባለቤት ለሚስትየዋ የአበባ አሰካክ ታስተምራታለች፣ ሚስትየዋ ሸክላ ትሠራለች፣ ሰውየው ይቀጠቅጣል። እናቴም ፈትሏን እዚያው እየወሰደች ታወራለች፤ የከተማዋን ተራሮችና ባቡር ለቀጥቃጩ ያስረዳችው እሷ ናት። ነገር ግን እህል ሲቀርብ ሁልጊዜ ጾመኛ ነኝ፣ ሰዓቴ አልደረሰም ትላለች። ጾም ስለነበር ማንም የጠረጠረ አልመሰለኝም። ፋሲካ አልፎ በሄድን ቀን ግን ነገሩ ተበላሸ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ኀምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም ሳይቀር ይበላል፤ ጾም የሚባል የለም። የቀጥቃጩ ሚስት ያን ዕለት እንጀራ በዶሮ ወጥ አቀረበች። እናቴ ሆዴን አሞኛል አለች። ሚስትየዋ ምሕረቱን ያምጣልዎ አለችና ወጡን መለሰችው።

በዚያው ሳምንት የሚስተር ባለቤት ምጥ ያዛት፤ አዋላጇ ጎረቤታችን ነበረች። ጠዋቱ እየገፋ ሲሄድ ከማዶ የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ከወትሮው የቀረበ፣ የጠራ። ወጥቼ አየሁ። ቀጥቃጩ መስፉን ከቤት አውጥቶ ከወንዙ ዳር ተክሎት ነበር። የሚሠራው ሥራ እንኳ አልነበረውም፤ አንድ ያለቀለት አሮጌ ማረሻ እያገላበጠ ይደበድባል። እስከ ስምንት ሰዓት አላረፈም። በስምንት ሰዓት ወንድ ልጅ ተወለደ፤ እናቴ ዕልል ስትል መዶሻው ጸጥ አለ። ሚስተር ከግቢው አጥር ተደግፈው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሴቶች ለአራሷ ገንፎ ሊበሉ ተሰበሰቡ። የቀጥቃጩ ሚስትም መጣች፤ ለልጁ መታጠቢያ የምትሆን አዲስ ሸክላ ይዛ ከአጥሩ ውጭ ቆመች። አልገባችም፣ ግቢ ያላትም የለም። ሴቶቹ ሁሉ እናቴን ያዩዋታል። እናቴ ሸክላውን ተቀበለችና ገንፎ በተሰበረ ገል አድርጋ ወስዳ ከአጥሩ ውጭ ሰጠቻት። ሚስትየዋ ቆማ በላች። ስትጨርስ ገሉን ከአጥሩ ሥር ደፍታ አኖረችው፣ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ ብላ ሄደች። እናቴ ተመልሳ ገባች፤ የራሷን ገንፎ ግን አልነካችውም።

እናቴ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆነችም። ወንዙን መሻገርም ተወች፤ አራስ አለብኝ ትላለች። የነፍስ አባቷ ወደ ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው ነበርና እስኪመለሱ አምስት ሳምንት ነገሩን ይዛው ከረመች። በመጡ ዕለት ሮጣ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሆዴን አሞኛል ብላ መዋሸቷንም፣ የገሉንም ነገር። ቤት ስትመለስ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። ምን አሉሽ አልኳት። የነፍስ አባትና ልጅ ነገር አይወራም፤ ይህን ግን ነገረችኝ። ቀጥቃጮቹንም ያጠመቅኋቸው እኔ ነኝ፣ አሏት። በፋሲካ የቀጥቃጩ ሚስት ቆርባለች፣ አንቺም ከኋላዋ ቆርበሻል።

«ደሙን የተቀበላችሁበት ዕርፈ መስቀል ከእሷ አፍ ወጥቶ ነው አንቺ አፍ የገባው» አሏት። «ያን ጊዜም ሆድሽን አሞሽ ነበር?»

እናቴ ጾም ይዘዙልኝ፣ ስግደት ይዘዙልኝ ብላ ለመነቻቸው። በኀምሳው ጾምም ስግደትም እንደሌለ ታውቂያለሽ አሏት። ንስሐሽ መብላት ነው፤ ኀምሳው ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታልና ሳያልቅ ፈጽሚው ብለው ሸኟት። ዕድሜዋን ሙሉ መጾም ያልከበዳት እናቴ፣ መብላት ተራራ ሆነባት።

በማግስቱ ልጁ አርባ ቀን አልፎት ነበርና እናትየዋም አብራን መጣች። ሕፃኑ ከመስፉ ጥቂት ራቅ ብሎ ተኛ፤ እንደ እናቱ መዶሻው ሲመታ እንቅልፉ ይበረታል። እናቴ ከመደቡ ተቀምጣ፣ ሳትጠየቅ፣ እርቦኛል አለች። የቀጥቃጩ ሚስት ቀና ብላ አየቻትና ወደ ጓዳ ገባች። ማንም ያልበላበት አዲስ ሰሐን ይዛ፣ ለእናቴ ብቻ የሚበቃ እንጀራ በሽሮ አድርጋ ወጣች። እናቴ ሰሐኑን መለሰችላት።

«ይኸን አይደለም» አለቻት። «አንቺ የምትበዪበቱ የታል?»

ጥርሱ የጎደለ አሮጌ ገበታቸው መጣ። ሚስትየዋ ከእናቴ ፊት ተንበረከከች፣ ጠቅልላ ጉርሻ ዘረጋችላት። እናቴ አፏን ከፈተች። ስታኝክ እንባዋ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

የቀጥቃጩ ሚስት ቀስ ብላ፣ «እሜቴ፣ ጾሙ ተፈታ?» አለቻት።

ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ ታውቅ ኖሯል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር።

«ዛሬ ተፈታ» አለች እናቴ፤ ሁለተኛውንም ጉርሻ ራሷ ጠቅልላ ሚስትየዋን አጎረሰቻት።

ቀጥቃጩ መዶሻውን እንደያዘ ቆሞ ያያቸው ነበር። ቤቱ ጸጥ ሲል ሕፃኑ ነቅቶ አለቀሰ። እናቴ አፏ እንደሞላ ወደ ሰውየው ዞረችና ምን ትገተራለህ፣ ምታ እንጂ፣ ልጁን ቀሰቀስከው አለችው።